በባሌ ሙት ዓመት ሰርግ የሄደችው መኪና

ስለ ሐዘን ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በቀን አራት አምስት መስመር እጽፋለሁ፤ ማታ አነብና ግማሹን እሰርዛለሁ። እስካሁን ከሐዘኑ አንድ ገጽ እንኳ አልወጣኝም። መኪናዋ ግን በየመስመሩ መሀል ጥልቅ እያለች አስቸገረችኝ። ስለዚህ እሷ ትቅደም ብዬ መንገድ ለቀቅኩላት። ሐዘኑ እንደሆነ እዚሁ ነው፤ የትም አይሄድብኝም።

ባለቤቴ ዕድሜውን በባቡር ጥገና የጨረሰ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ አሮጌ ፔጆውን ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነበር። ሊሞት ስድስት ወር ሲቀረው ፔጆዋን ሸጠና የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ሙሽራ እንዳመጣ ሰው እየተሽኮረመመ፣ "ድምፅ የሚባል የላትም" አለኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ ድምፅ የሌላት መኪና በቻይንኛ መናገር ጀመረች። እስከ ዛሬ አልጨረሰችም።

እንደ ነገሩኝ ራሷን የምትችል መኪና ናት። ከፊቷ ያለውን መኪና ትከተላለች። ስትጠጋው ትቀዘቅዛለች፣ ሲቆም ትቆማለች፣ ሲሄድ ትሄዳለች። ከመስመር የወጣሽ ሲመስላት መሪውን ከእጅሽ ትነጥቃለች። ችግሩ የድሬዳዋን የመንገድ ቀለም ፀሐይ ከላሰው ቆይቷል፤ እሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም፤ መስመር ስታጣ የመብራት ምሰሶ ጥላም ቢሆን ትይዛለች። ከመሪው በስተጀርባ ደግሞ ሽምብራ የምታክል ካሜራ አለች። የዚች ሥራ የነጂውን ዓይን መጠበቅ ነው።

ባለቤቴ አንድ ቃል ቻይንኛ አያውቅም። ይህ ግን ከማስተርጎም አላገደውም። መኪናዋ በተናገረች ቁጥር ዞር ይልና፣ "ቀበቶሽን እሰሪ፣ ከባልሽ ጋር አትከራከሪ ነው የምትለው" ይለኛል። ሌላ ቀን፣ "የዛሬው ወጥ ጨው በዝቶበታል ትላለች።" በተለይ አንዲት ነገር ታዘወትር ነበር። መጀመሪያ ሁለቴ ጢጥ ጢጥ፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ፣ ስክሪኑ ላይ የሲኒ ሥዕል። "ይቺስ?" አልኩት አንድ ቀን። "ነጂው መልከ መልካም ነው፤ ሲኒ ቡና ይገባዋል ነው የምትለው" አለኝ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። በመጨረሻዎቹ ወራት ይህን ሙገሳ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ትደግምለት ነበር። ቀንቻለሁ ብል አትመኑኝ፤ ትንሽ ግን ቀንቻለሁ።

ከዚያ ሞተ። በሁለት ቃል ማለፌ ቅር ያሰኛችሁ ካላችሁ፣ እኔንም ቅር ብሎኛል። ረዘም አድርጌ ስሞክረው ወረቀቱ እየረጠበ አስቸገረኝ።

አሁን የባለቤቴን ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ታደሰን ላስተዋውቃችሁ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አውጥቶ፣ በስልኩ ስለ መኪና የሚያወሩ ሰዎችን ቪዲዮ ሲያይ የሚውል ሰው ነው። ራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም። በዚህም ምክንያት ስለ መኪና የማያውቀው ነገር የለም። ከአርባው ጀምሮ አንድ ነገር ይዞ ሰነበተ፤ "ይቺን መኪና ሴት ልጅ ብቻዋን አትችላትም። አደጋ ናት። ትሸጥ፣ ወይም እኔ ልያዛት።" "ወይም" የምትለዋን ሁልጊዜ ዝግ ብሎ ነው የሚላት።

እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ ራሱ ነው በፔጆዋ፣ የወንዙ አሸዋ ላይ ወዲያና ወዲህ እያስነዳ ያስተማረኝ። ነገሩ እያደር ስላንገበገበኝ፣ ልጆቹ በስልክ እየሰሙ፣ ዘመድ ባለበት ተናገርኩ፦ በሙት ዓመቱ ቀን ከቤቴ፣ ከሳቢያን፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ራሴ እነዳለሁ። በሰላም ከደረስኩ ቁልፉ የእኔ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አያነሳብኝም። ካልሆነ ቁልፉን በእጄ ለጋሼ ታደሰ እሰጣለሁ። ጋሼ ታደሰ፣ "በቃ፣ ምስክር አለ" አለ። ያች መኪና ባለቤቴ በሕይወቱ መጨረሻ የመረጣት ነገር ናት። አንድ ዓመት ሙሉ በሩን ስከፍት የእሱ ሽታ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ያስያዝኩት እሱን ነበር።

ዋዜማውን ጋሼ ታደሰ ሊያሠለጥነኝ መጣ። ለደግነት ይሁን ለሌላ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

"ዋናው ነገር አትንኪያት" አለ፣ ጎኔ ተቀምጦ ጣቱን እየቀሰረ። "ከመሪው ሥር ያለችውን ዘንግ አንዴ ወደ ታች ትጫኛለሽ። ከዚያ እግርሽን ሰብስበሽ ቁጭ!"

"ፍሬኑስ?"

"ፍሬን የድሮ መኪና ነው! አንቺ ስትረግጪ እሷ ግራ ይገባታል። ሁለት ሰው እንዴት አንድ መኪና ይነዳል?"

"መሪውስ ጋሼ?"

"መሪውን ያዝ ያዝ አድርጊው፤ ለወጉ።"

እኔም አምስት ልጅ አሳድጌ፣ ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ይህን ሁሉ እንደ ወንጌል ተቀበልኩ። ይባስ ብዬ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት እግሬ በስህተት ፍሬን እንዳይነካ የቀኝ ጫማዬን አወለቅኩና እግሬን አጥፌ ከበታቼ ተቀመጥኩበት። መሬት ላይ ምግብ በቀረበበት ሱፍራ ዙሪያ እንደሚቀመጥ ሰው። ከእኔ የሚበልጥ ሞኝ አለ የምትሉ እስቲ እጃችሁን አውጡ።

አጠገቤ ፋጡማ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት በአንድ ግድግዳ የኖርን ጎረቤቴ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ አራት ቋንቋ የምትናገርና በአራቱም የምትሳደብ ሴት ናት። ለድሆች የሚቆረሰውን ትልቁን ድፎ ዳቦ ጭኗ ላይ ታቅፋለች። እኔ ከእግር እስከ ራሴ ጥቁር ነኝ፤ ጥቁር ቀሚስ፣ እስከ ቅንድቤ የወረደ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር መነጽር። የመጨረሻው ቀን ነው፤ በማግስቱ ይወልቃል። ፋጡማ "ቢስሚላህ" አለች፣ እኔ አማተብኩ፣ መኪናዋ በቻይንኛ የራሷን አለች፣ ዘንጓን ወደ ታች ተጫንኩ፣ ወጣን።

ገና ከሰፈር ሳንወጣ ጢጥ ጢጥ ጀመረች።

"አቦ ምን ትጮሃለች ይቺ?" አለች ፋጡማ።

"ዓይኔን ፈልጋ አጥታ ነው መሰለኝ። በመነጽሩ።"

"ሐዘንተኛ ናት በያታ! ባለቤቷ ሞቶባት ነው በያት!"

መነጽሬን አወለቅኩላት፤ ዝም አለች። ጥቂት እንደሄድን ነፋስ ያነሳው ጥቁር ፌስታል ከፊታችን አለፈ። መኪናዋ ቀጥ! ፋጡማ ከነዳቦው ወደ ፊት ተወርውራ ቀበቶው መለሳት። ከኋላችን የነበረ የባጃጅ ነጂ በመስኮት ወጥቶ ምን እንዳለን አልጽፍም፤ ልጆቼም ያነቡታል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለፌስታል እንዲህ የተጨነቀች ለሰውማ እንዴት ልትሆን ነው ብዬ ልቤ ሙሉ በሙሉ ተጣለባት። እግሬን ይበልጥ አመቻችቼ ተቀመጥኩበት።

ከዚራ መግቢያ መስቀለኛው ላይ ስንደርስ ሰርግ መጣ።

እሑድ ጠዋት ነው፤ ይጠበቃል። ከፊት አንዲት መኪና የኋላ ኮፈኗን ከፍታ፣ ካሜራ የያዘ ሰው እግሩን አንጠልጥሎ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጦባታል። ቀጥሎ በአበባ የተሸፈነች የሙሽሮቹ መኪና፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ የባጃጅ መዓት፣ ሁሉም ክላክስ ላይ ተኝቷል። የካሜራዋ መኪና አለፈችና ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ክፍተት ተፈጠረ። እኔ ለኔ ያለው ክፍተት መሰለኝ። ገባሁ፣ ዘንጓን እንደገና ወደ ታች ተጫንኩ። መኪናዬ የካሜራዋን መኪና አየች፣ እንደ ጥጃ ከኋላዋ ተከተለቻት።

ልብ በሉ፤ ካሜራው የሚቀርጸው ከኋላው ያለውን ነው። ከኋላው ደግሞ እኔ ነኝ።

ካሜራ የያዘው ሰው በእጁ "ዘወር በይ፣ ዘወር በይ" ይለኛል። እኔ ሰላምታ መስሎኝ ራሴን ዝቅ አድርጌ መለስኩ። በትሕትናዬ ተስፋ ቆርጦ መቅረጹን ቀጠለ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ እንደ ሰርግ ወጉ ይዞሩት ጀመር። እኛም ዞርን። የእግረኛ መንገድ ላይ የቆሙ ሴቶች እልልታቸውን ጀምረው እኔን ሲያዩ አጋማሹ ላይ ይውጡታል። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ወደ ባርኔጣው አንስቶ፣ ላውልቅ ወይስ ላጨብጭብ ብሎ እዚያው ቀረ።

"ውጪ እንጂ!" አለችኝ ፋጡማ።

"አትንኪያት ተብያለሁ!"

"ማነው ያለሽ?"

"ጋሼ ታደሰ።"

"ታደሰ አሁን የት አለ? እሱ እኮ በእግሩ ነው የሄደው!"

ሁለተኛውን ዞርን። በሦስተኛው ላይ ጆሮዬ ሥር እልልታ ሰማሁ። ፋጡማ ናት፤ ዳቦውን በአንድ እጇ አቅፋ፣ ሌላውን አፏ ላይ አድርጋ ታስነካዋለች።

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"እየቀረጹን እኮ ነው! ኩርፍ ብዬ ልቅረጽ? ለልጅ ልጅ ነው የሚቀመጠው!"

ሳቅኩ። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ይህንኑ አደባባይ የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት በነጭ ልብስ ዞሬዋለሁ። ባለቤቴ የጓደኛውን ሱፍ ተውሶ ነበር የለበሰው፤ እጅጌው ስላጠረው ቀኑን ሙሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ነው የዋለው። ያ የእጅጌ ነገር ሲመጣብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ማልቀስ ጀመርኩ። ወዲያው ጢጥ ጢጥ፤ ለስላሳዋ ሴት፤ የሲኒው ሥዕል።

የካሜራዋ መኪና ለፎቶ ብላ ዛፎቹ ሥር ቆመች። የእኔም ሁለት ክንድ ትታ ጨዋ ሆና ቆመች። ነጭ ሱፍ የለበሰ አንድ ሚዜ እየሮጠ ወደ መስኮቴ መጣ።

"ማዘር፣ ይቅርታ ግን፣ ከየትኛው ወገን ናችሁ? ከሙሽራው ነው ከሙሽሪት?"

"ከሟች ወገን" አለች ፋጡማ።

ሚዜው ጥቁር ልብሴን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ይሄኔ ያች ሴትዮ እንደገና ተናገረች። ልጁ ጆሮውን ቀስሮ ሰማና ፈገግ አለ። ለካ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከቻይናዎች ጋር የሚሠራ ነው።

"ምን እያለች ነው?" አልኩት።

"ደክሞዎታል ነው የምትለው፣ ማዘር። ዓይንዎ እየተከደነ ስለሆነ መኪናውን አቁመው አረፍ ይበሉ ነው የምትለው። ሲያለቅሱ እንቅልፍ መስሏት ነው።"

"ሌላስ? ስለ መልክ ምንም አትልም?"

"ስለ መልክ?" ግራ ገባው። "ኧረ አላለችም፤ ደክሞሃል፣ እረፍ ብቻ ነው።"

በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ። ደክሞሃል፣ እረፍ። እኔ አንድ አልጋ ላይ ተኝቼ ያላየሁትን ሽምብራ የምታክል ካሜራ አይታው ኖሯል። እሱ ቋንቋውን ባያውቅም የሲኒውን ሥዕልና የራሱን ዓይን መክበድ ያውቃል፤ ገብቶታል። ገብቶት መልከ መልካም ነህ አለችኝ ብሎ አሳቀኝ። ሐኪሙ "ቶሎ ብትመጡ ኖሮ" ያለው ቀን እንኳ በባሌ ላይ እንዲህ አልተናደድኩም። ፋጡማ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች።

"ፍትሐቱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ይቺን መከተሏን አጥፋልኝ፣ ልጄ" አልኩት ሚዜውን።

"እኔ መናገር እንጂ ማንበብ እኮ አልችልም፤ ግን... ይቺ ትሆናለች" አለና ዘንጓን ወደ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ነካካት። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ከፍ ከፍ አለ። ሰዓቱን ያስተካከለ መስሎን አመሰገንነው። ሰዓት አልነበረም። ሂጂ የተባለችበት ፍጥነት ነበር።

የካሜራዋ መኪና ተነሳች፤ የእኔም ተከተለች። ጥቂት ሄደን ያቺ ወደ ሆቴሉ ታጠፈች። ከፊታችን መንገዱ ባዶ ሆነ። መኪናዬ የምትከተለው ሲጠፋ ደስታዋን መግለጽ አልችልም፤ ገመዱ እንደተበጠሰለት ወይፈን ፈረጠጠች። ድምፅ የላትም ብያችኋለሁ፤ ቤቶቹ ሲሸሹ ብቻ ነው የሚታወቃችሁ።

ፊት ለፊት የቆመ ጋሪ አለ። ቆርቆሮ ጭኗል፤ ቆርቆሮው ወደ ኋላ ወጥቶ ይወዛወዛል። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ጎማ ይነካካሉ።

"ጆግሶ!" ብላ ጮኸች ፋጡማ፣ ቁሚ ማለቷ ነው በሶማሊኛ። በኦሮምኛም አለቻት፣ በአማርኛም አለቻት። እኔ ግን እጠብቃለሁ። አሁን ትቆማለች። አሁን ትቆማለች። ለፌስታል የቆመች መኪና ናት። የሽማግሌው ሸሚዝ ጀርባው ላይ የተጣፈበት ክር እስኪታየኝ ድረስ ጠበቅኩ። መኪናዋ ቆርቆሮውን ሰማይ ይምሰላት፣ ሽማግሌውን ድንጋይ፣ አላውቅም። ጢጥ እንኳ አላለችም።

እግሬን ከበታቼ ጎተትኩት። ደንዝዟል፤ የሰው እግር ነው የሚመስለው። በሁለት እጄ አንስቼ ፍሬኑ ላይ ጣልኩት፣ ባዶ እግሬን፣ ባለ በሌለ ክብደቴ። ዓመቱን ሙሉ በሐዘን ከሳሽ ሲሉኝ ነበር፤ የተረፈችው በቃች። ዳቦው ከፋጡማ ጭን ተነስቶ መስታወቱን መትቶ ተመለሰ። ቆምን። በቆርቆሮውና በመስታወታችን መካከል አንድ ስንዝር ነበር።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ኮፈኑን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፣ ጥቁር ልብሴን አዩ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ለቀብር ከሆነ የሞተው አይቸኩልም። እኔ ደግሞ ገና ጎማዬን አልጨረስኩም።"

ይቅርታ ልላቸው ራሴን ዝቅ አደረግኩ። ፋጡማ አራት ቋንቋ እያላት በአንዱም አልተናገረችም። እዚያው ተቀምጠን፣ እሳቸው ጎማቸውን ሲጨርሱ ጠበቅናቸው። የቀረውን መንገድ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ፣ ዘንጓን ሳልነካ፣ ባለቤቴ አሸዋው ላይ እንዳስተማረኝ ነዳሁ። አህያ በግራ አልፎን ሄደ።

ጋሼ ታደሰ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ከጀርባው የእድራችን ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነዋል፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

"ሰርጉ እንዴት ነበር?" አለኝ ጋሼ ታደሰ።

መዋሸት እችል ነበር። መኪናዋ ጭረት የላትም፣ ፋጡማም አትከዳኝም። ግን ሽማግሌው ከዓይኔ አልጠፋ ስላሉኝ፣ ከጫማዬ ጀምሬ እስከ ስንዝሯ ድረስ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ መዳፉን ዘረጋ።

"ቁልፉን።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አወጣሁት። በሰላም መድረስ ከተባለ ይህ በሰላም መድረስ አልነበረም፤ ቃሌም ቃል ነው። ቁልፉ በእሱና በእኔ መሀል ሳለ ግን ጋሼ ታደሰ ምክሩን መጨመር አማረው።

"ጥፋቱ መርገጥሽ ነው" አለ። "ባትረግጪ ኖሮ ራሷ ትቆም ነበር።"

"ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ነበር እኮ፣ ጋሼ። አላየቻቸውም።"

"ታያለች! ስለማታምኛት ነው። እኔ ብሆን አልረግጥም።"

"ስንዝር ሲቀርህም?"

"ስንዝር ሲቀረኝም! ቴክኖሎጂ ነው፤ ማመን ነው።"

እጄ ራሱ ተጨበጠ። እኔ አላዘዝኩትም።

"እንግዲያው አልሰጥህም" አልኩት።

"ምን? ቃልሽስ? ምስክር አለ እኮ!"

"ቃሌን በላሁ። ምስክሮቹም ይስሙ። ፍሬን የምትረግጥ ሰው ብትሆን እሰጥህ ነበር።"

"ወላሂ" አለች ፋጡማ ከኋላዬ፣ ድምጿ ገና ተመልሶላት፣ "ለዚህ ሰው ቁልፍ ከሰጠሽው እኔ ቀፊራ በእግሬ አልወጣም። ቤት ቁጭ ብዬ በርበሬዬን እሸጣለሁ!"

የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ጋሼ ታደሰ የሚያግዘው ሰው ፈልጎ ዞር ዞር አለ፤ ሁሉም የመቃብሩን አቅጣጫ ያያል። ቄሱ የባለቤቴን የክርስትና ስም ጠሩ። ቁልፉን ጡቴ ሥር ሻጥ አድርጌ፣ ከመሀሉ የተሰነጠቀውን ዳቦ ተሸክሜ፣ ሄጄ ቆምኩ። እዚያ የተባባልነውን፣ እኔና እሱ፣ ስለ ሲኒው ጉዳይ፣ ለሌላው ጽሑፍ አቆየዋለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለማንም አልነግርም።

ስንመለስ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር፤ ባጃጅም አልተገኘም። ጋሼ ታደሰ ጥቂት አንገራግሮ ከኋላ ወንበር ገባ። ሳይነገረው ቀበቶውን አሰረ። ቴክኖሎጂ የሚል ቃል እስከ ከዚራ ድረስ አልወጣውም። መስቀለኛ መንገድ በደረስን ቁጥር ግን፣ እኔ ፍሬን ልረግጥ ገና ሳስብ፣ ከወንበሬ ጀርባ የቀኝ እግሩ የመኪናዋን ወለል ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ ይሰማኝ ነበር።